እውቅና ሰጪዎች ሲመጡ የቃጠሎ ክፍሉን የቡድን ስብሰባ እንዴት እናዘጋጅ?

«ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው» ሲባል ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ቀለም ነው። ግድግዳ ይቀባል። መጋረጃ ይታጠባል። ባነር ይታዘዛል። ጠፍቶ የከረመው የፈረቃ ሰሌዳ በር ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ክፋት የለውም። ግን ገምጋሚዎቹ «እስቲ የቡድን ስብሰባችሁ ላይ እንቀመጥ» ያሉ ዕለት ቀለም አያድንም።

ስብሰባ ማየት ለምን ይፈልጋሉ? የተቃጠለ ሰው በአንድ ሐኪም እጅ ብቻ አይድንማ። ቀዶ ሐኪሙ ቆዳ ይተክላል። ነርሷ ቁስል ታጥባለች፣ ሌሊት ሽንት ትለካለች። ፊዚዮቴራፒስቱ አንገትና ብብት ተጣብቆ እንዳይቀር ይታገላል። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ካልሰማ ታካሚው ይጎዳል። አሜሪካን አገር ለቃጠሎ ማዕከላት እውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ የቃጠሎ ማኅበር ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። እዚያም ቢሆን ቡድኑ በየሳምንቱ ተቀምጦ ስለ ታካሚዎቹ መነጋገሩ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የቃጠሎ ጉዳት ማኅበር በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው መመሪያ ደግሞ አቅም ያነሳቸውን ሆስፒታሎች በተለይ አስቦ የተጻፈ ነው። እኛን የሚመለከተው ይሄኛው ነው።

የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ሰው እሳት ዳር ይከርማል። ሕፃን የፈላ ሽሮ በራሱ ላይ ይገለብጣል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ይወድቃል። ፋብሪካ እየበዛ ሲሄድ የእንፋሎትና የኤሌክትሪክ አደጋም ይጠበቃል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ ታካሚ ሰዓታት መንገድ ላይ ያሳልፋል። ከእኛ በላይ ከሆነም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል። ስብሰባችሁ ይህን መሬት የማይመስል ከሆነ ገምጋሚው ወዲያው ይነቃበታል።

አቋሜን ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ገምጋሚ የሚያየው ስብሰባ የዘወትሩ ስብሰባ መሆን አለበት። ዝግጅቱ ሁሉ የዘወትሩን ለማጥራት እንጂ አዲስ ትያትር ለመሥራት አይደለም።

1. ቀኑንና ሰዓቱን አጣሩ

ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የጉብኝቱ መርሐ ግብር ሲደርሳችሁ «9፡00» የሚል ካለበት የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በእኛ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው። በቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ «ጠዋት 3፡00 ሰዓት በኢትዮጵያ» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን አውጡ። ኅዳር 21 ነው? ጥምቀት ነው? የሕማማት ሳምንት ነው? ግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ የሚወጣበት ቀን ላይ ስብሰባ አትጥሩ።

የዘወትር ስብሰባችሁ ሐሙስ ከሆነ ገምጋሚዎቹን «ሐሙስን እዚህ ዋሉልን» ብላችሁ ለምኑ። አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። ካልሆነና ቀኑን ማዘዋወር የግድ ከሆነ ስብሰባውን ስትከፍቱ በግልጽ ተናገሩ። «ይሄ የሐሙስ ስብሰባችን ነው፤ ለእናንተ ብለን ወደ ማክሰኞ አምጥተነዋል።» አለቀ። መደበቁ ነው የሚያስጠረጥረው።

2. ቃለ ጉባኤውን ክፈቱ

ገምጋሚው ስብሰባው ላይ ከመቀመጡ በፊት የቃለ ጉባኤ ዶሴ ይጠይቃል። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ዓመቱን በተርታ አስቀምጡ። የጎደለ ሳምንት ካለ ይጉደል። ለምን እንዳልተሰበሰባችሁ አንድ መስመር ማስታወሻ አድርጉበት። ወደ ኋላ ቀን ጽፎ ቃለ ጉባኤ መፈብረክን ግን ተዉት። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሌሊት የተጻፈ የስድስት ወር ቃለ ጉባኤ ከሩቅ ይታወቃል። ገምጋሚዎቹም አብዛኞቹ ራሳቸው ሆስፒታል ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ቀሪውን ጊዜ ከዛሬ ጀምሮ ለሚጻፈው ስጡ። የለመድነው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦

«በቁስል ኢንፌክሽን ዙሪያ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ሁሉም የበኩሉን እንዲወጣ አቅጣጫ ተቀምጧል።»

ማን ነው ሁሉም? አቅጣጫው የት ነው የተቀመጠው? ይህን ዓረፍተ ነገር ከአገራችን ቃለ ጉባኤ ብናወጣ ግማሹ ወረቀት ባዶ ይሆን ነበር። በምትኩ እንዲህ ጻፉ፦

«አልጋ 4 እና 6 ላይ የቁስል ሽታና ትኩሳት ታይቷል። ናሙና ለላቦራቶሪ ተልኳል። የቁስል ማጠቢያው ሳህን ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በክሎሪን እንዲጸዳ ተወስኗል። ኃላፊ፦ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ። እስከ ሚቀጥለው ሐሙስ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ «ተሠርቷል» ወይም «አልተሠራም፣ ክሎሪን ከመጋዘን አልወጣም» የሚል መልስ መኖር አለበት። ገምጋሚው የሚፈልገው ይህን ሰንሰለት ነው። ችግር ተነሳ፣ ሰው ተመደበ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ተመልሶ ታየ። ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች ከመነሻ እስከ መድረሻ ካሏችሁ ዶሴው ቀጭን ቢሆንም ችግር የለውም።

3. ማን ይቀመጣል? ዋርዱን ማን ይጠብቃል?

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ስብሰባ ተብሎ ዋርዱ ባዶ ከቀረ፣ ያ ራሱ ግኝት፣ ማለትም ገምጋሚው ያገኘው ጉድለት፣ ሆኖ ይመዘገብባችኋል። በስም የተመደቡ ነርሶችና አንድ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ዋርድ ላይ ይቅሩ። የቁስል ማጠብና የኦፕሬሽን ክፍል መርሐ ግብር በዚያ ሰዓት እንዳይጋጭ ከሜትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) እና ከኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የታጠበ ቁስሉን ገልጦ፣ ፋሻ የሚያስርለት አጥቶ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ታካሚ ካለ ስብሰባው የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ጠረጴዛው ዙሪያ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የዋርዱ ኃላፊ ነርስና የማታ ተረኛ የነበረች ነርስ፣ የአንስቴዢያ (የማደንዘዣ) ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፋርማሲስት፣ የስነ ምግብ ባለሙያ፣ ሶሻል ወርከር። የሊያዘን ኦፊስ ሰው አትርሱ፤ ሪፈር የሚመጣውም የሚሄደውም በእሱ በኩል ነው። የጽዳት ሠራተኛም ትኑር። እውነቴን ነው። የትኛው ባልዲ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ኢንፌክሽን ሲነሳ ከማናችንም በላይ የምትናገረው አላት።

ሥራ አስፈጻሚውና ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይምጡ፣ ግን ይቀመጡ። ስብሰባውን የሚመራው በየሳምንቱ የሚመራው ሰው ነው። አለቃ መጣ ብላችሁ ወንበሩን ከለቀቃችሁ፣ ቡድኑ የእናንተ እንዳልሆነ አሳወቃችሁ ማለት ነው። ይህን ለአለቆቹ አስቀድሞ በትሕትና መንገር ያስፈልጋል። ጥራት ክፍሉ ቢነግራቸው ይቀላል። ከዚህ ውጪ ቁጥር ለማሟላት ብላችሁ ከሌላ ዋርድ ሰው አትጥሩ። ስለ ታካሚዎቹ ምንም የማያውቅ ሰው ተቀምጦ ሲያዛጋ ይታያል።

4. ታካሚዎቹን ምረጡ

የስብሰባው ነፍስ እዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። ዋርዱ ላይ ያሉትን በሙሉ በአጭሩ ታነሳላችሁ። በጥልቀት የምትወያዩባቸው ግን ሦስት ይበቃሉ። አንድ አዲስ የገባ፣ አንድ የተወሳሰበ ወይም ያረፈ፣ አንድ ሊወጣ የተቃረበ።

አዲስ የገባውን እንይ። ለምሳሌ ያህል የሁለት ዓመት ሕፃን እንበል፤ 12 ኪሎ። የፈላ ሽሮ ደረቱና ክንዱ ላይ ፈሶበት ከመንዝ መጥቷል። የተቃጠለው የሰውነቱ ክፍል 15 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ስታቀርቡ «ፈሳሽ ተሰጥቶታል» ብላችሁ አትለፉ። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉት።

ለሕፃን 3 ሚሊ ሊትር × 12 (ኪሎው) × 15 (የተቃጠለው በመቶ)፣ ጠቅላላ 540 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ በ24 ሰዓት። ግማሹ፣ ማለትም 270 ሚሊ ሊትሩ፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት መግባት አለበት። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሕፃኑ ከተቃጠለበት ደቂቃ ነው። ካርድ ካወጣበት ደቂቃ አይደለም። ምንም ፈሳሽ ሳያገኝ 4 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይቶ ከደረሰ የቀሩት 4 ሰዓት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሰዓት 67 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጀመርለታል። አንድ ሰው ከደረሰበት ሰዓት ቆጥሮ ከሆነ ግን የሚያገኘው 34 ገደማ ነው። ግማሹን! መንገድ ላይ ጤና ጣቢያ የሰጠው ፈሳሽ ካለ ይቀነሳል። ለሕፃን የዘወትር ፍላጎቱ ስኳር ባለው ፈሳሽ ለብቻ ይሰላል። ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ ሽንቱ ነው። በሰዓት በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለዚህ ሕፃን 12 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሽንቱ ካነሰ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ከበዛ ይቀነሳል።

ሰሌዳው ላይ ይህ ሲጻፍ አንድ ጥያቄ ራሱ ይወጣል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የቃጠሎው ሰዓት ተጽፏል? ብዙ ጊዜ አይጻፍም። «ትናንት ማታ» ይላል። እናት ደግሞ «ከብቱ ሲገባ» ትላለች። ይሄ ጥሩ ሰዓት ነው እኮ፤ የሚተረጉመው ሰው ነው የጠፋው። ከብት የሚገባው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ተረኛው ጠይቆ ይጻፈው። እንግዲህ ቡድኑ የሚወስነው ውሳኔ እዚህ ተወለደ። ሊያዘኑ ሪፈር በስልክ ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው የቃጠሎውን ሰዓት ይሁን። የድንገተኛ ክፍሉ ቻርት ላይም «የተቃጠለበት ሰዓት» የሚል መስመር ይጨመር። ገምጋሚ ፊት እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወለድ ማየት ከማንኛውም ፓወር ፖይንት ይበልጣል።

ሪፈር ስለሚልኩ ጤና ጣቢያዎች ሲነሳም ነቀፌታ ላይ አትቁሙ። በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ከአደጋው በኋላ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። ሊጥና የጥርስ ሳሙና ግን አይጠቅምም። ይህን ማን፣ መቼ፣ ለየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች እንደሚነግር ወስኑ። ያው ስምና ቀን ነው።

ያረፈ ታካሚ ካለ አንሱት። ብዙ ቡድን ገምጋሚ ሲመጣ ሞትን ይደብቃል። ገምጋሚ ግን መዝገቡን አይቷል። ያረፉትን ያውቃል። ስትወያዩ «ማን አጠፋ» የሚለውን ትታችሁ «የቱ ጋ ልናተርፈው እንችል ነበር» በሚለው ሂዱ። ፈሳሽ ዘገየ? ደም አልተገኘም? ሌሊት ዋርዱ ቀዝቅዞ የሰውነት ሙቀቱ ወረደ? ደብረ ብርሃን ላይ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቆዳው የተቃጠለ ሰው ሙቀት መያዝ አይችልም። ታኅሣሥ ላይ የቁስል ማጠቢያ ክፍሉ ማሞቂያ ሳይኖረው፣ ውኃው ለብ ሳይል ታካሚ ማጠብ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። የክፍሉን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ነርሷም ከማጠቧ በፊት ቁጥሩን ትጻፍ። ርካሽ ነው፣ ለገምጋሚም ይታያል።

ሊወጣ የተቃረበው ታካሚ ላይ ደግሞ ሌሎቹ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ክርኑ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፣ የጀሶ ስፕሊንቱን (ክንዱን ዘርግቶ የሚይዘውን ድጋፍ) ማታ ማታ ማን እንደሚያስርለት ይንገር። ሶሻል ወርከሯ ለቀጠሮ መመለሻ ትራንስፖርት አለው ወይ የሚለውን ታንሳ። ታካሚው የሚጥል ሕመም ያለበት ከሆነ ፌኖባርቢታል ሳይጀመርለትና ክትትል ሳይያዝለት ወደዚያው ምድጃ መመለስ ማለት እንደገና መቀበል ማለት ነው። ይህ ነጥብ በቃለ ጉባኤው ላይ በኃላፊ ስም ካልተያዘ ሁሌም ይጠፋል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር። የተቃጠለ ሰው ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል። የስነ ምግብ ባለሙያው እንቁላልና ወተት ያዛል። ታካሚው ግን ጾም ላይ ነው። «አልበላም» ይላል። እዚህ አገር ይሄ በየሳምንቱ ያጋጥማል። ሐኪም ሲቆጣ የሚፈታ ነገር አይደለም። ሶሻል ወርከሯ የንስሐ አባቱን በስልክ ታግኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ነው የሚበላው። እስከዚያ ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ ይብዛለት። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በኩል የሚመጡ ሙስሊም ታካሚዎችም በረመዳን ይሄው ጉዳይ አለባቸው። ኡስታዛቸውን ማነጋገር ነው። ገምጋሚ ይህን ሲሰማ ቡድኑ ታካሚውን በእርግጥ እንደሚያውቀው ይገባዋል።

የታካሚ ስም ግን አይጠራ። ፎቶ ከታየ ፈቃድ የተፈረመበት ይሁን፤ ፊት ይሸፈን። «አልጋ 4» ማለት በቂ ነው።

5. ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ፣ ግን ጥቂት

ሦስት መለኪያ ይበቃል። ከቃጠሎው እስከ ፈሳሽ መጀመር ያለው ጊዜ፣ የቁስል ኢንፌክሽን፣ ለቀጠሮ የተመለሱት ቁጥር። በየወሩ አንድ ነጥብ እየሰካችሁ በእጅ የሳላችሁት ግራፍ ዋርዱ ግድግዳ ላይ ካለ ያንኑ አምጡት። አዲስ አታሳትሙ። መዝገብ ገና ካልጀመራችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ለቃጠሎ ታካሚዎች ያዘጋጀው ዓለም አቀፍ መዝገብ ቅጽ አለ። ከዜሮ ከመፍጠር ከእሱ መነሳት ይቀላል።

አንዱ መለኪያ መጥፎ ቢሆን አትደንግጡ። መጥፎ ቁጥርና እሱን ለማሻሻል የተሠራ ሥራ ካለ፣ ሁሉም ቁጥሩ 100 በመቶ ከሆነው ቡድን ይልቅ ትታመናላችሁ።

6. ሰዓቱን ከፋፍሉ

አንድ ሰዓት በቂ ነው። መክፈቻና ማስተዋወቅ 5 ደቂቃ። ንግግር አይደረግ። ያለፈው ሳምንት ውሳኔዎች 10 ደቂቃ። ዋርዱን በአጭሩ ማዳረስ 10። ሦስቱ ታካሚዎች 20። ቁጥሮቹ 10። ማን ምን እንደያዘ ጮክ ብሎ ማንበብ 5።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን አጀንዳ አጥፉት። ልዩ ልዩ ተብሎ የተከፈተ በር የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የጋወን ስርጭትንና የሻይ ክበቡን ዋጋ ይዞ ይገባል። እነዚህ ተገቢ ቅሬታዎች ናቸው። ሌላ ቀን ሌላ ስብሰባ ይያዝላቸው።

ሰዓት የሚቆጣጠር ሰው መድቡ። ሊቀመንበሩ አይሁን። ሲያልፍ ጠረጴዛውን ቆረቆር የሚያደርግ፣ ደፋር ነርስ ይሁን።

7. ክፍሉ

በየሳምንቱ የምትሰበሰቡበት ክፍል ይሁን። ትልቁን አዳራሽ አትከራዩ። ወንበር ለገምጋሚዎቹ ከጎን አስቀምጡ፤ ፊት ለፊት ካስቀመጣችኋቸው ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞሮ ያወራል። መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ የታካሚዎቹ ማጠቃለያ በወረቀትም ይኑር፤ ሰሌዳና ማርከር ያስፈልጋል። ማርከሩን ቀድማችሁ ሞክሩት። ቡና ይፈላ፣ ዳቦና ቆሎ ይኑር። ረቡዕና ዓርብ ወይም ጾም ከሆነ የጾም ይሁን። ከዚህ ያለፈ ድግስ አያስፈልግም።

ከገምጋሚዎቹ መሃል አማርኛ የማይሰማ ካለ አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ በሹክሹክታ ያስተርጉምለት። ለእሱ ሲባል ስብሰባው ወደ እንግሊዝኛ አይዙር። ዞሮ እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ግማሾቹ ነርሶችም ዝም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚናገረው ሐኪሙ ብቻ ይሆናል።

8. አንድ ጊዜ ተለማመዱ፣ አታጥኑ

ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት የዘወትሩን ስብሰባ በዚሁ ሰዓት ክፍፍል አካሂዱ። የጥራት ክፍሉ ሰው እንደ ገምጋሚ ከጎን ይቀመጥ። በኋላ የት እንደዘገያችሁ፣ ማን ሳይናገር እንደወጣ ይንገራችሁ። በቃ። ማን ምን እንደሚል ጽፋችሁ አታስሸምድዱ። የተሸመደደ መልስ ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ ይፈርሳል። ለምሳሌ ገምጋሚው «ባለፈው ወር ይህ አልተሠራም፣ ለምን?» ካለ፣ የሚመልሰው ሥራውን የያዘው ሰው ነው።

ታካሚዎችንና አስታማሚዎችንም አሳውቁ። «ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጥያቄ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ያያችሁትን ንገሯቸው፤ ካልፈለጋችሁም አትናገሩ።» ምን እንደሚሉ አታስጠኗቸው።

9. ዕለቱን

ሊቀመንበሩ ብዙ ሥራ አለበት፤ ዋናው ግን ሰው ማናገር ነው። በእኛ አገር ታናሽ በታላቅ ፊት ዝም ይላል። ነርስ በሐኪም ፊት፣ ጽዳት በነርስ ፊት። ስለዚህ በስም ወይም በማዕረግ ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሲስተር፣ ሌሊቱን አንቺ ነበርሽ። አልጋ 2 ሽንቱ ስንት ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ቀንሶ ነበር ዶክተር። ለተረኛው ደወልኩ፣ ፈሳሹን ጨመረ።»

«ቻርቱ ላይ ጽፋችኋል?»

«መደወሌን ጽፌያለሁ። የጨመረውን መጠን ግን አልጻፈም።»

እንዲህ ያለ ልውውጥ ሲኖር ሊቀመንበሩ መደንገጥ የለበትም። «ጥሩ፣ ያዙት» ብሎ ለጸሐፊው ይንገር። ጽዳት ላይ ያለችው እናት በዕድሜ ትልቅ ከሆነች ደግሞ፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ታዘቡ?» ይበል። መጀመሪያ «ምንም» ሊሉ ይችላሉ። ትንሽ ይጠብቅ። ሲያምኑ የጎደለውን ጓንትና የጠፋውን የቆሻሻ ከረጢት ይዘረዝሩታል።

ሐኪም ነርስን ካቋረጠ ሊቀመንበሩ «ትጨርስ» ይበል። ገምጋሚ ጥያቄ ከጠየቀ ባጭሩ ይመለስ። የማታውቁትን «አጣርተን ከሰዓት በፊት እናመጣለን» በሉ። ከዚያ አምጡት። አለቃ ነገሩን ለማስረዳት ከተነሳ... ያው በትሕትና ቀድማችሁ ነግራችኋቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስልክ ይዘጋ፤ የተረኛው ብቻ ክፍት ይሁን። አስቸኳይ ታካሚ ከመጣ ቀዶ ሐኪሙ ተነስቶ ይሂድ። ማንም አይከፋበትም፤ ስብሰባው ያለ እሱ መቀጠሉ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው።

10. ካለቀ በኋላ

ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ተጽፎ ይፈረም። ቅጂው ገምጋሚዎቹ ሳይሄዱ ይድረሳቸው። የጠየቋቸውን ሰነዶች የሚመዘግብ አንድ ሰው ብቻ ይኑር። አምስት ሰው ከያዘው ሁለቱ አንድ አይነት ፋይል ያመጣሉ፣ ሦስቱ ምንም አያመጡም።

በመዝጊያው ውይይት ላይ ግኝቶች ሲነበቡ አትከራከሩ። የተሳሳተ መረጃ ካለ ሰነዱን አሳዩ፤ የቀረውን ጻፉ። እያንዳንዱን ግኝት በቀጣዩ የዘወትር ስብሰባ ላይ ከፋፍላችሁ፣ ለአንድ አንድ ሰው ስጡ። «የቡድኑ ሥራ» ተብሎ የተጻፈ ነገር የማንም ሥራ አይደለም።

ለስብሰባው የወጡትን የታካሚ ቻርቶች ደግሞ ሳትበታተኑ ቆጥራችሁ ወደ ዋርዱና ወደ ካርድ ክፍል መልሱ። የማታ ተረኛዋ 2 ሰዓት ላይ መድኃኒት ስታዘጋጅ ቻርቱን አጥታ ስትዞር እንዳታድር።